ወላጅ ሲሰረዝ ልጅ ምን ይሆናል? በመረጃ ቋት ውስጥ ስለሚካሄድ ተከታታይ ስረዛ



የዛሬው ርእሴ ካስኬድ፣ ማለትም አንድ መረጃ ሲሰረዝ ተያያዦቹ አብረው የሚሰረዙበት አሠራር ነው። በፕሮግራም ውስጥ የምናዝዘው በአንድ መስመር ነው፤ መዘዙ ግን ብዙ ሠንጠረዦችን ያዳርሳል።

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናል ሞዴልን ባቀረበበት ጽሑፍ፣ አንዱ ሠንጠረዥ የሌላውን ረድፍ የሚጠቅስበትን ቁልፍ፣ ፎሪን ኪይን፣ አስተዋውቋል። ከዚህ የሚከተለው ደንብ ግልጽ ነው፤ ማንም ረድፍ የሌለን ረድፍ ሊጠቅስ አይችልም። ታዲያ ተጠቃሹ ሲሰረዝ ጠቃሹ ምን ይሁን? ዋና ዋናዎቹ መልሶች ሦስት ናቸው፤ ስረዛውን መከልከል፣ ጠቃሹን አብሮ መሰረዝ፣ ወይም የጠቃሹን ቁልፍ ባዶ ማድረግ።

የሬጅስትራር ሥርዓትን እንውሰድ። ከትምህርት ክፍል ወደ ኮርስ፣ ከኮርስ ወደ ምዝገባ፣ ከምዝገባ ወደ ውጤት ካስኬድ ታዟል እንበል። አንድ ትምህርት ክፍል ተዘግቶ ረድፉ ቢሰረዝ፣ ከዓመታት በፊት የተመረቀ ሰው ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ሲመጣ ውጤቱ አይገኝም። ሥርዓቱ አንዳችም የስሕተት መልእክት አያሳይም፤ የታዘዘውን ፈጽሟልና።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ልጁ ከወላጁ ተነጥሎ ትርጉም አለው ወይ ብዬ ነው። በደረሰኝ ላይ የሰፈረ የዕቃ ዝርዝር ያለ ደረሰኙ ትርጉም ስለሌለው ካስኬድ ይስማማዋል። ውጤት ግን የተመራቂው ማስረጃ ነው፤ እዚህ ላይ ስረዛው ይከልከል፤ ትምህርት ክፍሉም ከመሰረዝ ይልቅ «ተዘግቷል» የሚል ምልክትና ቀን ይያዝ። የብዙ ለብዙ ግንኙነት ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ተማሪ ሲሰረዝ መጥፋት ያለበት ተማሪውን ከኮርሱ የሚያገናኘው ረድፍ ብቻ ነው፤ ካስኬድ ከታዘዘ ግን ማፐሩ ሌሎች የሚማሩትን ኮርስ ራሱን ሊሰርዝ ይነሣል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስረዛውን ማን ይፈጽመዋል የሚለው ነው። ሃይበርኔትን በመሰለ ኦብጀክት ሪሌሽናል ማፐር ካስኬድ ሪሙቭ ስናዝዝ፣ ማፐሩ በተለመደው አሠራሩ ልጆቹን ወደ ማስታወሻ ጠርቶ አንድ በአንድ ይሰርዛል፤ 10,000 ልጆች ካሉ 10,000 የስረዛ ትእዛዝ ይወጣል። የመረጃ ቋቱ ራሱ ኦን ዲሊት ካስኬድ ከተሰጠው ግን አንድ ትእዛዝ ይበቃዋል። ሆኖም ማፐሩ የጠፉትን ልጆች አያውቃቸውም፤ ከስረዛ በፊትና በኋላ እንዲሠሩ የጻፍናቸው ተግባራትም ለእነርሱ አይጠሩም። በተጨማሪም በጃቫ ፐርሲስተንስ የጅምላ ስረዛ መጠይቅ የማፐሩን ካስኬድ አይከተልም።

ኦርፋን ሪሙቫል የሚባለውንም እንለየው። ከካስኬድ ሪሙቭ በተለየ፣ ወላጁ ባይሰረዝም ልጁን ከወላጁ ዝርዝር ማውጣት ብቻ ለስረዛ ይበቃል። ስለዚህ ልጅ ከአንድ ወላጅ ወደ ሌላ በሚዛወርበት ግንኙነት ላይ ልንጠቀምበት አይገባም።

ጃንጎ በዚህ ረገድ መልካም ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 2.0 እትም ጀምሮ፣ ፎሪን ኪይ ያለው ሞዴል የሚጽፍ ሰው ስረዛ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የግድ መግለጽ አለበት። ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። መነሻችን ክልከላ ይሁን፤ ካስኬድ የሚፈቀደው ምክንያቱ ሲታወቅ ብቻ ነው። ከመፍቀዳችንም በፊት የስረዛውን መንገድ እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ በወረቀት እንሣል፤ በመረጃ ቋቱ ቅጂ ላይም ሞክረን ስንት ረድፍ እንደጠፋ እንቁጠር። የሚሰረዘው ረድፍ የአንድ ሰው የድካም ማስረጃ ሊሆን ይችላልና።