ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ ያለው ጨዋታ

ኳስ ሜዳ ስንሄድ ተበታትነን ነው፤ ስንመለስ ግን አንድ ላይ። አንዱ ቦታ ለመያዝ ቀድሞ ይመጣል፣ ሌላው ሱቁን ዘግቶ ጨዋታው ሲጀመር ይደርሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ለሁለተኛው አጋማሽ ብቅ ይላል። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነስቶ፣ በአንድ በር ወጥቶ፣ አንድ መንገድ ላይ ይፈሳል። ቦንጋ ላይ ትልቅ ግጥሚያ ወይም የጎዳና ሩጫ ባለ ቁጥር የምናየው ጭንቅንቅ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ፣ ሰው ስለ ጎሉ ሲያወራ የእኔ ዓይን ባጃጆቹ ላይ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ግን እስኪ ለአንድ ቀን አብራችሁኝ እዩት።

ቦንጋን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከጅማ ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድም ያልፍባታል፤ ስለዚህ ያው አንዱ አስፋልት ለከተማ ሰውም፣ ቡና ለጫነ አይሱዙም፣ ለአገር አቋራጭ አውቶቡስም ነው። ዝናቡን ደግሞ ካፋን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቦንጋ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ማዕከላት አንዷ ስለሆነች እንግዳውም ስብሰባውም ውድድሩም በዝቷል። መንገዱ ግን በዚያው ልክ አልሰፋም።

ዊልያም ቪክሪ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1969 በሒሳብ አስቀምጦታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት በአንድ ማነቆ ማለፍ ከፈለገ፣ እያንዳንዱ ወይ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ወይ ከሚፈልገው ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን ሳይከፍል የሚያልፍ የለም። ቪክሪ በሌሎች ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው ከተነገረ ከሦስት ቀን በኋላ ግን አረፈ።

እኛ ከሜዳ ስንወጣ "ቀድሞ መሄድ" የሚባለው ምርጫ ዋጋው ከባድ ነው። በ80ኛው ደቂቃ የወጣ ሰው ጎሉን ከመንገድ ላይ በጩኸት ነው የሚሰማው!

አሁን ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩን ክፈቱ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ በኋላ የእውነቱን ታስገባላችሁ። ከሜዳ ወጥቶ ባጃጅ የሚፈልገው ሰው 1,000 ነው እንበል። ያሉት ባጃጆች 60 ናቸው። አንድ ባጃጅ 3 ሰው ይጭናል፣ አድርሶ ለመመለስ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰዓት 3 ምልልስ ማለት ነው። 60 በ3 በ3 ስናባዛ በሰዓት 540 ሰው። የመጨረሻው ተሳፋሪ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው "ባጃጅ ይጨመር" ይላል። እሺ፣ 40 እንጨምር። 100 ባጃጅ በሰዓት 900 ሰው ያነሳል። አሁን ወደ 60ው እንመለስና ሌላ መንገድ እንሞክር። በሩ አጠገብ የቆሙት መኪኖችና ሞተሮች ተነስተው፣ መንገዱ ላይ የተዘረጋው ንግድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ምልልሱ ከ20 ወደ 12 ደቂቃ ቢወርድስ? እያንዳንዱ ባጃጅ በሰዓት 5 ጊዜ ይመላለሳል። ውጤቱ ያው 900 ሰው ነው! አንድም ባጃጅ አልተገዛም። እንዲያውም በጠበበ መንገድ ላይ 40 ባጃጅ መጨመር ምልልሱን ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም።

ታሪፍስ? ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ዋጋ እጥፍ ሲሆን ሹፌሮቹን መስደብ ቀላል ነው። ታሪፉ ባለበት እንዲቆይ ብናደርግም ግን ሰልፉ አይጠፋም፤ በብር ፋንታ በሰዓት እንከፍላለን። ዋጋው ሲጨምር ጉልበት ያለው "በእግሬ ልሂድ" ይላል፣ ሰልፉም ይቀንሳል። ችግሩ፣ ብር የሌለውና በእግሩ መሄድ የማይችለው አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። አረጋዊው አባት፣ ልጅ ያዘለች እናት። ለእነሱ ዋጋውም ሰልፉም ያው ቅጣት ነው።

ትልቁ ነገር ጨለማው ነው። 10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ከእረፍቱና ከጭማሪው ጋር 12 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። በምሳሌያችን የመጨረሻዋ ተሳፋሪ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው የምትነሳው። ከዴቻ ወይም ከጊምቦ የገጠር ቀበሌ የመጣች ልጅ ከሆነች ደግሞ ከአስፋልቱ ወርዳ የምትሄደው መንገድ ይቀራታል። ጨዋታው 8 ሰዓት ቢጀመር ያው ሰልፍ በብርሃን ያልቃል። ፀሐዩ ይከብዳል፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ያመልጠዋል፤ ልክ ነው። ግን አዘጋጆች ሰዓት ሲመርጡ ይህም ሚዛን ላይ ይግባ ነው የምለው። በዚያ መንገድ ወደ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል የሚሮጥ አምቡላንስም ሊኖር ይችላል።

ሌላ ቦታ ምን ተደረገ? ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ተሳታፊ ነበረው፤ ዛሬ ከዚያ በብዙ እጥፍ አድጓል። ያንን ሁሉ ሰው መስቀል አደባባይ ላይ በአንዴ ከመልቀቅ በቡድን ከፋፍሎ ማስነሳት መንገዱን ያስተነፍሰዋል። አትላንታ እ.ኤ.አ. የ1996ቱን ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ 1,000 አውቶቡስ ጨመረች፣ መሐል ከተማውን ለግል መኪና ዘጋች፣ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ሰዓት እንዲቀያይሩ ጠየቀች። በኋላ የታተመ ጥናት እንዳሳየው በሥራ ቀን ጠዋት ያለው የትራፊክ ጫፍ በ22.5 በመቶ ቀነሰ። እንግዳ በጎረፈበት ሰሞን ማለት ነው!

በተቃራኒው ያውንዴ አለ። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ከኮሞሮስ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትጫወት፣ ኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ 8 ሰዎች ሞቱ። መከፈት የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። የሰው ፍሰት ስሌት የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቦንጋ 1,000 አውቶቡስ አያስፈልጋትም። መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ቆጠራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ስልክና አራት ልጆች ይበቃሉ። ሁለቱ ከሜዳው በር፣ ሁለቱ ዋናው አስፋልት ላይ ይቁሙ። ጨዋታው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት በፊት ጀምራችሁ፣ ካለቀ በኋላ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ በየ5 ደቂቃው ቁጠሩ፦ ስንት እግረኛ፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሚኒባስ። የአንድ ባጃጅ የጎን ቁጥር ያዙና ሄዶ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት መዝግቡ። ያንኑ ቆጠራ ጨዋታ በሌለበት ተመሳሳይ ቀን ድገሙት፤ ማነጻጸሪያ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ዝናብ ከነበረም ጻፉት።

እኔ ሠንጠረዡን አዘጋጅቻለሁ፤ በሚቀጥለው ትልቅ ግጥሚያ በሩ ጋ ከሚቆሙት ሁለቱ አንዱ እሆናለሁ። ሦስት ሰው እፈልጋለሁ። ውጤቱን ይዘን ወደ ከተማው አስተዳደርና ወደ ባጃጅ ማኅበራት እንሄዳለን፤ "መንገዱ ተጨናነቀ" ብለን ሳይሆን፣ "ከዚህ ደቂቃ እስከዚህ ደቂቃ፣ እዚህች 50 ሜትር ላይ" ብለን። አስፋልት ማስፋት ዓመታት ይፈጃል። 50 ሜትር ለሁለት ሰዓት ማስለቀቅ ግን አንድ ትራፊክ ፖሊስና አንድ ገመድ ነው የሚጠይቀው።