ሃምሳ መሐላና አንድ ምንጭ፦ የብዙዎች ቃል በቀሳማ ውስጥ ያለው ክብደት

ገዳዩ ባልታወቀ ደም ላይ የብዙ ሰዎች እምነት ምን ያህል ማስረጃ ይሆናል? የፊቅህ መጻሕፍት ይህን ጥያቄ የሚያነሡት በቀሳማ ምዕራፍ ነው። የምዕራፉ መነሻም የኸይበር ታሪክ ነው።

ከአንሷር ወገን የሆነው ዐብደላህ ኢብን ሰህል በኸይበር ተገድሎ ተገኘ፤ ሲገደል ያየ ግን አልነበረም። ዘመዶቹ የአገሩን አይሁዶች ጠርጥረው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት አሉ። ነቢዩም ሃምሳ መሐላ እንዲምሉ ጠየቋቸው፤ እነርሱ ግን ባላዩት ነገር መማልን አልደፈሩም። ተከሳሾቹ ሃምሳ መሐላ ይማሉ ሲባል ደግሞ የእነርሱን መሐላ አንቀበልም አሉ። በመጨረሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መቶ ግመል የደም ካሳ ራሳቸው ከፈሉ። ደሙ ያለ ካሳ አልቀረም፤ በጥርጣሬ የተገደለ ሰውም የለም። በእኛ እይታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው የሟቹ ቤተሰብ ነው፤ ሐዘኑ ሳይበርድ በመጠርጠርና በማየት መካከል ያለውን ልዩነት ጠብቀዋል።

መዝሀቦች ከዚህ በኋላ ተለያይተዋል። ማሊኪዮች፣ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ከሳሾች አስቀድመው እንዲምሉ ይፈቅዳሉ፤ ሆኖም ለውስ ማለትም ክሱን ወደ እውነት የሚያቀርብ ምልክት መኖር አለበት ይላሉ። የታወቀ ጠላትነት ወይም በሬሳው አጠገብ ደም የነካ መሣሪያ ይዞ መገኘት ለዚህ ይጠቀሳል። ሐነፊዮች ግን የሚያስምሉት ሬሳው የተገኘበትን አካባቢ ነዋሪዎች ነው፤ ሃምሳ ሰዎች አለመግደላቸውንና ገዳዩንም አለማወቃቸውን ይምላሉ፣ ካሳውም ይከፈላል። ማሊክና አሕመድ በቀሳማ ቂሷስን ሲፈቅዱ፣ ሻፊዒይ በኋለኛው አቋማቸው በካሳ ብቻ ተወስነዋል።

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበው የአቡ ቂላባ ክርክር ጉዳዩን ከሥሩ ይነካል። ኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ስለ ቀሳማ ሲጠይቁ የተሰበሰቡት ሰዎች ትክክለኛ ሕግ ነው አሉ። አቡ ቂላባ ግን ኸሊፋውን መልሶ ጠየቃቸው፦ ሃምሳ ሰዎች በሒምስ ያለ አንድ ሰው ሰርቋል ብለው ሳያዩት ቢመሰክሩበት እጁን ይቆርጣሉን? ኸሊፋው አይሆንም አሉ።

የዚህ መልስ ምክንያት በሐዲስ ትምህርት ውስጥ አለ። ሙተዋቲር የሚባል ዘገባ እርግጠኛ ዕውቀት የሚሰጠው በቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪዎቹ በሐሰት ሊስማሙ የማይችሉ መሆን አለባቸው፣ ወሬውም በዓይን ወይም በጆሮ በተገኘ ነገር ላይ መቆም አለበት። በሒሳብ ብናየው፣ ከአሥር ጊዜ አንዴ የሚሳሳቱ ሁለት ምስክሮች ጉዳዩን ለየብቻ ካዩ አብረው የመሳሳታቸው ዕድል ከመቶ አንድ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሰምቶ ከሆነ የሚናገረው ግን ዕድሉ ከአሥር አንድ እንደሆነ ይቀራል። ሃምሳ ሰዎች ከዚያው አንድ ሰው ቢሰሙም ያው ነው።

ይህን የሚዘነጋው መንደርተኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ሕፃናት ልጆቿ የሞቱባት እናት በግድያ ተፈረደባት። በችሎቱ የቀረበው ሐኪም እንዲህ ያለው ሞት በአንድ ቤት ሁለቴ የመድረሱ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አለ። ቁጥሩ የተገኘው 8,543ን በራሱ በማባዛት ነው፤ ይህም ሁለቱን ሞቶች የማይገናኙ አድርጎ ይቈጥራል። አንድ ወላጅና አንድ ቤት የሚጋሩ ልጆች ግን እንዲህ አይቈጠሩም። ፍርዱ በ2003 ተሻረ፤ ዋናው ምክንያት ሳይገለጥ የቀረ የምርመራ ውጤት ቢሆንም ስሌቱም በብርቱ ተነቅፏል።

በአገራችንም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባል የነበረው ሥርዓት ነዋሪውን ሰብስቦ ወንጀለኛውን ያፈላልግ ነበር። ዛሬ የወንጀል ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ሥልጣን ውስጥ አይወድቅም። ቢሆንም አንድ ወጣት በመስጂድ ስርቆት ሲጠረጠር ሰዎች ፖሊስን ሳይሆን ኢማሙን አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ «ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» የሚለው ቃልም አብሮ ይመጣል። እንግዲህ ኢማሙ እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጦ ምን እንዳየ፣ ካላየም ከማን እንደሰማ ይጠይቅ። የአሥር ሰዎች መልስ ወደ አንድ ሰው ከተመለሰ በእጁ ያለው አንድ ቃል ነው፤ ቀጥሎ የሚጠየቀውም ያ ሰው ነው።