የፍሬን ዲስክ ስንት ዓመት ይቆያል?

ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትኖር ቪትዝ ነጂ ወዳጄ ሰሞኑን ይህንኑ ጠየቀችኝ። «እህቴ፣ በዓመት አይቆጠርም፤ በወረድሽው ቁልቁለት ነው» አልኳት።

ውድ አንባብያን! የትንንሽ መኪና ዲስክ በአብዛኛው ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ይህ ግን ለደልዳላ መንገድ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ከተማ ሲወርዱ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላሉ። ፍሬን ረግጠው ብቻ ከወረዱ ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ዲስኩና ሸራው ላይ ያርፋል። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ቢረግጡትም አይዝም!

ታዲያ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ አሉ። ምን ይተርፋቸዋል? የዛሬ ሞተር እኮ በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል። ስለዚህ በ2ኛ ማርሽ ይውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነም ካምቢዮውን ወደ ዝቅተኛው ያድርጉት።

ፍሬን ሲይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ እኩል አልተበላም ማለት ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰሙ ሸራው አልቋል፤ ዲስኩንም እየበላው ነው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻላል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ዝቅተኛ ውፍረቱ ተቀርጿልና አስቀድመው ያስለኩ። ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። «ትንሽ ያስኬድሻል» የሚል መካኒክ ቢያጋጥምዎ አይስሙት፤ ቁልቁለቱን የሚወርዱት እርስዎ ነዎት።