የኋላ ፍሬን ሸራ በአንድ ወገን ብቻ ሲያልቅ

ምግብና ዕቃ በሞተር ሳይክል ወይም በቃትኖዓ የሚያደርሱ ወጣቶች ዛሬ በኢየሩሳሌም መንገዶች ሁሉ ይታያሉ። ወላጅ ወይም አያት ቤት ውስጥ የሚሰማው ግን ወጪውን ነው፦ «የኋላ ረፊዶት ተቀየረ» ይባላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያው ይደገማል። ረፊዶት የሚባሉት በአማርኛ የፍሬን ሸራ የምንላቸው ናቸው። ሸራ ማለቁ ያለ ነገር ነው። አንዱ አልቆ ሌላው ገና ወፍራም ከሆነ ግን በሽታው ከሸራው ላይ አይደለም፤ ሸራ ብቻ መቀየርም አያድነውም።

ፍሬኑ እንዴት ይሠራል?

በብዙ ሞተሮች የኋላ ጎማ ላይ አንድ የብረት ዲስክ አብሮ ይዞራል። ካሊፐር የሚባለው ክፍል ዲስኩን ከግራና ከቀኝ በሁለት ሸራዎች ይይዘዋል። ነጂው ፍሬን ሲይዝ የፍሬን ዘይት ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም በእሱ በኩል ያለውን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። በብዙዎቹ የኋላ ፍሬኖች ፒስተን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። የሌላው ወገን ሸራ የሚጫነው ካሊፐሩ ራሱ በፒኖች ላይ ተንሸራትቶ ሲስበው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሸራዎች እኩል እንዲያልቁ ፒስተኑ ወጥቶ መመለስ፣ ካሊፐሩም በፒኖቹ ላይ በቀላሉ መንሸራተት አለበት።

አሮጌው ሸራ ምን ይናገራል?

ሁለቱ አሮጌ ሸራዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ነገር ይነግራሉ።

በፒስተኑ በኩል ያለው ይበልጥ ከሳስቶ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፒኖቹ ዝገው ካሊፐሩ አልንሸራተት ብሏል፤ ወይም ፒስተኑ ወጥቶ መመለስ አቅቶታል።

በውጭ በኩል ያለው ከሳስቶ ከሆነ፣ ካሊፐሩ ከተሳበ በኋላ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ሸራው ዲስኩን እየነካ ይሄዳል።

አንዱ ሸራ ራሱ በአንድ ጫፍ ቀጭን፣ በሌላው ጫፍ ወፍራም ሆኖ እንደ ሽብልቅ ከተበላ፣ መቀመጫው በዝገትና በቆሻሻ ተይዟል፤ ወይም ፒኑ ተበልቷል፤ ወይም የሚደግፈው ትንሽ የብረት ቅጠል ሲገጠም ተረስቷል። ጥቂት ልዩነት ግን አያሳስብም።

ሁለቱም እኩል ሆነው ቶሎ ካለቁ፣ ነጂው እግሩን ከፔዳሉ ወይም ጣቱን ከመያዣው ላይ አያነሳ ይሆናል። ፔዳሉ ትንሽ እንኳ ባዶ ጉዞ እንዳይኖረው ተደርጎ ከተስተካከለም ፍሬኑ ሁልጊዜ በከፊል የተያዘ ነው። አንዱ ምልክት ማንም ፍሬን ሳይዝ የኋላው ቀይ መብራት በርቶ መቆየቱ ነው።

ታምቡር ያለው ፍሬን ግን ይለያል። በኢትዮጵያ ብዙ የሚነዳው ባጃጅ ቦክሰር፣ እዚህም አንዳንድ ትናንሽ ቃትኖዓዎች የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር ነው። በውስጡ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ሸራዎች አሉ። አንደኛው በጎማው መዞር እየተሳበ ይበልጥ ስለሚጫን ከሌላው ቀድሞ ማለቁ ተፈጥሮው ነው።

ለምን ያሳስባል?

ከቂርያት መናሔም ወደ ዓይን ከረም የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ሳይለቅ እየታሸ የሚሄድ ፍሬን በእንዲህ ያለው መንገድ እጅግ ይግላል። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይፈጠርና ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል፤ ፍሬኑም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዙት ለዚህ ነው። ሸራው ፈጽሞ ካለቀ ደግሞ ብረት ከብረት ይፋተግና ዲስኩም ይበላሻል፤ ወጪውም ከሸራው ይበልጣል።

ቤት ውስጥ ምን ማየት ይቻላል?

ሞተሩ ጠፍቶ በመሃል መቆሚያው ሲቆም የኋላ ጎማው በእጅ ይዞራል። ፍሬኑ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላም መዞር አለበት። ትንሽ የመታሸት ድምፅ ያለ ነው፤ ከበፊቱ ይልቅ ከከበደ ግን ፍሬኑ አልለቀቀም። ፍሬን ሳይበዛበት ከተነዳ በኋላ ዲስኩ አቅራቢያ እጅ ሲዘረጋ ትኩሳቱ ከፊተኛው እጅግ ከበለጠም ምልክት ነው። ዲስኩን መንካት ግን ያቃጥላል።

ሙሳክ ሲኬድ

በታልፒዮትም ሆነ በሌላ ሰፈር ወዳለ ሙሳክ የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል።

አንደኛ፣ «ሁለቱንም አሮጌ ረፊዶት አሳዩኝ»። እኩል ካላለቁ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ «ፒኖቹ ወጥተው ተጸዱ? ግራሶ ተቀቡ?» ግራሶው ለፍሬን የተሠራ፣ ላስቲክ የማይጎዳ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ «ፒስተኑ ከመገፋቱ በፊት ተጸዳ?» ወፍራም አዲስ ሸራ እንዲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይገፋል። ዝገትና አቧራ ይዞ ከተገፋ ላስቲኩን ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ፒስተኑ ይያዛል፤ አዲሱም ሸራ እንደ አሮጌው በአንድ ወገን ያልቃል። በየጊዜው የሚደገመው ወጪ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ነጂው ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑን ደጋግሞ ይጫነው፤ ጠንከር እስኪልም አይነሳ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለነበር የመጀመሪያው አያያዝ ባዶ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀስታና በርቀት መንዳት ይገባል።

ዓመታዊው ቴስት ፍሬንን ይመለከታል፤ በሁለት ቴስት መካከል ግን አንድ ሙሉ ክረምት አለ። ውጭ በዝናብ የሚያድር ሞተር ፒኖቹ የሚዝጉት በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከክረምቱ በኋላ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ማሳየት ተገቢ ነው።