ጥጋብ የሚያመጣው መርሳት

በዕብራውያን ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ክርስቲያኖች ብሉይ ኪዳን በሚሏቸው፣ አለማመን ማለት በአብዛኛው የእግዚአብሔርን መኖር መካድ ሳይሆን በገባው ቃል ላይ አለመታመን ሲሆን፣ ውለታ ቢስነት ደግሞ ያደረገውን በጎ ነገር መዘንጋት ነው። ሁለቱ የማይነጣጠሉት፣ ትናንት የተደረገለትን የረሳ ሕዝብ የነገውን ተስፋ የሚያምንበት መሠረት ስለሚያጣ ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 እና 14 የተጻፈው ታሪክ ነው። ሙሴ የላካቸው 12 ሰዎች የከነዓንን ምድር 40 ቀን ሰልለው፣ ሁለት ሰው በመሎጊያ የተሸከመውን የወይን ዘለላ ከሮማንና ከበለስ ጋር ይዘው ተመለሱ። የምድሪቱን መልካምነት ሁሉም መሰከሩ፤ ሆኖም አሥሩ በነዋሪዎቿ ፊት ራሳቸውን እንደ አንበጣ ቆጥረው ሕዝቡን አስፈሩ፣ በተስፋው የጸኑት ካሌብና ኢያሱ ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ ከባርነት መውጣቱንና ባሕር መሻገሩን ዘንግቶ ወደ ግብፅ ለመመለስ ስለ ተመኘ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዓመት ተቆጥሮ 40 ዓመት በምድረ በዳ ተንከራተተ። በዕብራይስጡ አቆጣጠር 106ኛ፣ በግዕዙ 105ኛ የሆነው መዝሙርም የዚያን ትውልድ በደል ሲዘረዝር የእግዚአብሔርን ሥራ ፈጥኖ መርሳቱን ያነሣል።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ግን ከረኀብ ይልቅ ጥጋብን የበለጠ አስጊ አድርጎ ያቀርባል፤ ከሸለቆና ከተራራ ምንጭ በሚፈልቅባት ምድር በልቶ የጠገበ ሰው ሀብቱን በገዛ ጉልበቱ ያገኘው ሊመስለው ይችላልና። ከከተማው በታች ባለው ደን ከሚፈልቁት ምንጮች ለሚጠጣው፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ ሙዝ ለሚያለማው የአርባ ምንጭ ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ሩቅ አይደለም።

መጽሐፉ መድኃኒቱንም ይናገራል። በምዕራፍ 26 መሠረት ገበሬው የመጀመሪያውን ፍሬ በቅርጫት አቅርቦ፣ አባቶቹ ስደተኞችና ባሪያዎች እንደ ነበሩ፣ ማን እንዳወጣቸውም በአንደበቱ መናገር ነበረበት። በጋሞ ደጋማ ቀበሌዎችም በመስቀል በዓል፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ሸማኔዎች ሳይቀሩ ወደ ትውልድ ቀያቸው ይመለሳሉ፤ ቤተሰብ ለድግሱ ሲያጠራቅም ይከርምና በሬ በጋራ ይታረዳል፣ ሽማግሌዎችም ይመርቃሉ። የበዓሉ ምንጭ ከኦሪቱ ሥርዓት ቢለይም፣ ሁለቱም ምስጋናን ለግለሰቡ ስሜት ብቻ ሳይተዉ ቀን ይቆርጡለታል፣ ማኅበርም ያቆሙለታል። ልጆች በድግሱ መካከል ይህ በረከት ከየት እንደ መጣ ከታላላቆቻቸው አፍ እስከ ሰሙ ድረስ፣ ጥጋብ የመርሳት ምክንያት አይሆንም።