የእስረኞች ደሴት የጎብኚዎች ደሴት ስትሆን

አሲናራ የምትባል ደሴት አለች። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው፤ ጣናን ያየ ሰው ያውቀዋል። አሲናራ ያለችው ግን በኢጣልያ አገር፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነው። በጋሻ ቢሰላ ስፋቷ ከ125 ጋሻ ይበልጣል።

ዛሬ ወደ አሲናራ ሰው የሚሄደው በጀልባ ተሳፍሮ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ለጉብኝት ነው። ዱሮ ግን ብዙ ሰው የተወሰደባት በግድ ነበር። ከተወሰዱትም መካከል የኛ አገር ሰዎች ነበሩበት። ስለዚህ የዚች ደሴት ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ስለ ኢጣልያ ስናወራ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

መጀመሪያ ባለአገሩ ተነቀለ

ዱሮ በአሲናራ ላይ እረኞች፣ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። በ1885 የኢጣልያ መንግሥት ደሴቲቱን ለወህኒ ቤትና ለበሽተኛ ማቆያ ፈለጋት። ነዋሪዎቹም ቤታቸውንና መሬታቸውን ለቀው ወጡ። ከነሱም 45 ቤተሰቦች ከባሕሩ ማዶ ስቲንቲኖ የምትባል መንደር መሠረቱ። በለቀቁት መሬት ላይ እስረኛ እንዲያርስና ከብት እንዲጠብቅ ተደረገ።

ጦርነት መጣ፣ በሽታ ተከተለ

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሰርቢያ ጦር ብዙ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ወታደሮችን ማርኮ ነበር። ሰርቢያ ድል ስትሆን ምርኮኞቹን በክረምት ብርድ፣ በአልባኒያ በረዷማ ተራራ በእግር እየነዳ አወጣቸው። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ቀሩ። የተረፉትን የኢጣልያ መርከቦች ከ1915 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አሲናራ አጓጓዙ። የመጡት ከ20 ሺ በላይ ነበሩ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው የሚያስጠልል ቤት፣ የሚያጠጣ ውሃ ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ ኮሌራ ገባ። ኮሌራ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ፣ በተቅማጥና በትውከት ሰውን በአጭር ጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በሺ የሚቆጠሩ ምርኮኞች አለቁ። በ1936 ኦስትሪያ አጽማቸውን ሰብስባ በደሴቲቱ ላይ የአጽም ማረፊያ ቤት አሠራች። በዚያ ያረፈው የ7 ሺ ሰው ያህል አጽም ነው።

የኛ ሰዎችም እዚያ ነበሩ

ይህ ቤት በተሠራ በዓመቱ ደግሞ ሌሎች እስረኞች መጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ፋሺስቶች በበቀል ሕዝቡን ፈጁት፤ ቤቱንም አቃጠሉት። ከሞት የተረፉትን ብዙዎች አሰሩ። አንዳንዶቹን በሶማሊያ ወደ ዳናኔ፣ አንዳንዶቹን በቀይ ባሕር ላይ ወዳለችው ኖክራ ደሴት ላኩ። ወደ 400 የሚጠጉ መኳንንትንና የተማሩ ሰዎችን ደግሞ ከነቤተሰባቸው ወደ ኢጣልያ ወሰዱ። ከነዚህ ብዙዎቹ የታሰሩት በአሲናራ ነው።

ከእስረኞቹ አንዷ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ነበሩ። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገድለዋል። ልዕልቲቱ ከነልጆቻቸው ተጋዙ። በኋላም ቶሪኖ ወደምትባለው የኢጣልያ ከተማ ተዛውረው በ1933 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። አገራቸውን ዳግም አላዩም።

ከወህኒ ቤት ወደ ጉብኝት ቦታ

ከዚያም በኋላ አሲናራ ወህኒ ቤትነቷ አልቀረም። ማፊያ የሚባሉት የወንበዴ ማኅበር አለቆች ሳይቀሩ ታስረውባታል። በ1997 ግን ብሔራዊ ፓርክ እንድትሆን ታወጀ፤ ወህኒ ቤቱም ተዘጋ። ብሔራዊ ፓርክ ማለት መሬቱ፣ እንስሳውና ቅርሱ በሕግ የሚጠበቅ ቦታ ማለት ነው።

አሁን ጎብኚው በጀልባ ይሻገራል። የራሱን መኪና ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ በእግሩ፣ በብስክሌት ወይም በፓርኩ በተፈቀደ መኪና ይዞራል። የእስር ክፍሎቹን፣ የበሽተኞቹን ማቆያና የአጽሙን ቤት ያያል። በደሴቲቱ ላይ ነጫጭ አህዮች አሉ። ዓይናቸው የቀን ብርሃን አይችልም። እነሱንም ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል። ከዚህ ሁሉ ባለጀልባው፣ አስጎብኚውና ምግብ ሻጩ እንጀራ ያገኛሉ። ጎብኚ ወደ ደሴቲቱ ከሚሳፈርባቸው ወደቦች አንዷ ያችው ተነቃዮቹ የመሠረቷት ስቲንቲኖ ናት።

የመከራን ቦታ ማስጎብኘት ነውር ነው ወይ?

አንዳንድ ሰው «በሙታን አጥንት ላይ ገበያ ይቆማል ወይ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ቤቱ ቢፈርስና ዳዋ ቢውጠው ግን የሚጠቀመው በዳዩ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይሁን እንጂ የተወጋውም ሲሞት ነገሩን የሚይዘው ቦታውና ጽሑፉ ብቻ ነው።

ነውር የሚሆነው ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መደበቅ ነው። አህያውንና ባሕሩን አሳይቶ ስለ ሙታን ዝም ማለት፤ የማፊያውን አለቃ ጠርቶ የተነቀለውን ገበሬ፣ በኮሌራ ያለቀውን ወታደርና ከአዲስ አበባ የተጋዘውን ሰው መተው ነው። ጎብኚው ስለ ሁሉም ሰምቶ ከሄደ ቦታው ትምህርት ቤት ይሆናል። ሳይሰማ ከሄደ ግን ሽርሽር ብቻ ነው።

ከኛ ምን ይጠበቃል?

በኛም አገር ፋሺስት ሰው ያሰረበት ቤት፣ የረሸነበት ሜዳ፣ አርበኛ የተሸሸገበት ዋሻ በየአካባቢው አለ። ድንጋዩን ለግንብ አታንሡት፤ አጽም ከተገኘም አትንኩት፤ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ከሁሉ በፊት ግን ደብተርና እርሳስ ያዙ። ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ምን ሆነ? የት? በስንት ዓመተ ምሕረት? እነማን ነበሩ? የነገራችሁንም ሰው ስም ጻፉበት።

ፊደል የቆጠርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። የሟቾች ስም እንዳይጠፋም ነው። ነገ ጎብኚ መጥቶ «እዚህ ምን ነበር?» ቢላችሁ መልሱ በእጃችሁ ተጽፎ ይቆየው።