ተጨማሪ መረጃ፦ የማስታወቂያው ፍጥነትና የገጠሩ ፍጥነት

በብሪታንያ የኢንተርኔት አቅራቢዎች «እስከ 17 ሜጋ ቢት በሰከንድ» እያሉ ለዓመታት አስተዋውቀዋል። በቀድሞው ደንብ፣ ያንን ፍጥነት ከደንበኞቹ ቢያንስ 10 በመቶው ካገኙት ማስታወቂያው የተፈቀደ ነበር። ከቀሩት መካከል የገጠር ነዋሪዎች ይገኙ ነበር።

ምክንያቱ የመዳብ የስልክ ሽቦ ነው። ሲግናል በመዳብ ላይ ረጅም ርቀት በተጓዘ ቁጥር ይዳከማል። ስለዚህ ከስልክ ጣቢያው አጠገብ ያለ ቤትና አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ የእርሻ ቤት እኩል ሂሳብ እየከፈሉ የሚያገኙት ፍጥነት በጣም ይለያያል። እዚህ ላይ ካርታ ያሳስታል፤ የሚቆጠረው በመንገድ ዳር እየተጠማዘዘ የሚሄደው ሽቦ ርዝመት እንጂ ቀጥታው ርቀት አይደለም። መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው ፋይበር ኦፕቲክ በእንዲህ ያለ ርቀት ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ችግሩ ቤቶች በተራራቁበት አካባቢ መዘርጋቱ ውድ መሆኑ ነው።

ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንቡ ጠበቅ ብሏል። አሁን የሚተዋወቀውን ፍጥነት ቢያንስ 50 በመቶው ደንበኛ መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ማግኘት አለበት። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ሩቅ ያለው ገበሬ ግን ዛሬም ከሌላው 50 በመቶ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የራሳችሁን መስመር ስትለኩ 8 ቢት 1 ባይት መሆኑን አትርሱ፦ በ16 ሜጋ ቢት በሰከንድ ፍጥነት በየሰከንዱ የሚወርደው 2 ሜጋ ባይት ብቻ ነው።